ከጎደሬ ቅጠል እስከ ሐጂ ጆሮ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ መጠገኛው ሱቅ ውስጥ የነበርነው አምስት ነን። ስማችንን መጻፍ አልፈልግም፤ ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ ልቁጠር። አንደኛ፣ የሱቁ ባለቤት ሐጂ፤ በጅማው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሬዲዮ ተበላሽቶበት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሽማግሌ። ሁለተኛ፣ ሚስታቸው፤ ሁላችንም “አዴ” የምንላቸው። ሦስተኛ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ። አራተኛ፣ ከጎጃም ለሥራ መጥታ ጅማ የቀረች የኮሌጅ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ከሐጂ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቼ ሞባይል የምጠግን።

የተሰበሰብነው ከነልጣጩ ኦቾሎኒ ለምታህል ዕቃ ነው። የሐጂ የመስሚያ መሣሪያ ናት፤ ከጆሯቸው ጀርባ የምትቀመጥ። የመጀመሪያዋን ከዚያ በፊት የነበረው የክረምት እርጥበት ገድሏታል። ይቺ ሁለተኛዋ ናት። ያዘዙላቸው ሐኪም እንዲህ ዓይነቷ ከአሁን በኋላ እንደማትመጣ ነግረዋቸዋል። ሐጂም ቁርጡን ተናግረው ነበር፦

“ይቺም ከሞተች የሱቁን ቁልፍ ለአዴ አስረክባለሁ። የማይሰማ ሰው ሬዲዮ አይጠግንም።”

የዛቻ ድምፅ አልነበረውም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት።

ሐጂ እንዴት እንደሚሠሩ ያላየ ሰው ይህ ነገር ለምን እንዳስጨነቀኝ አይገባውም። እኔ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ እፈታለሁ፤ ከዚያ በቴስተር ነጥብ በነጥብ እለካለሁ። እሳቸው አይፈቱም። ሬዲዮውን ይከፍቱና የጣቢያ መምረጫውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ያዞራሉ። በካቻቢቴያቸው የእንጨት እጀታ ሽፋኑን ሦስት ቦታ ቆጥ፣ ቆጥ፣ ቆጥ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ይናገራሉ። አንድ ቀን ሐጂ፣ አንድ ገበሬ ከደዶ ወረዳ ያመጡትን ሬዲዮ ሲያዳምጡ ቆዩና “ስፒከሩ ጀርባ ጉንዳን ሰፍሮበታል” አሉ። እኔ በልቤ ሳቅሁ። ስፈታው አፈሩ ሳይቀር ጎጆውን ሠርቶ አገኘሁት። በዚያ ቀን ቴስተሬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ እስኪመሽ ሳላወጣው ዋልኩ።

ስለዚህ መስሚያቸው ድምፅ ስትቆራርጥ “ልጄ፣ አንተ ትንንሽ ነገር ታያለህ፣ እስቲ እያት” ብለው በመዳፋቸው ሲያመጧት የያዝኩትን ስልክ አስቀምጬ ተቀበልኋቸው። ከሞባይል ቦርድ ማያ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባኋት። የባትሪው መያዣ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ነበር። የሁለቱ ማይኮች ቀዳዳ ዙሪያ የላብ ጨው እንደ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። በአልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁላቸው። ግን ይህ እጥበት ብቻ ነው፤ እርጥበቱ ተመልሶ ይመጣል። የጅማ ዝናብ ክረምትን ጠብቆ የሚዘንብ አይደለም።

ስለ ውሃ ትንሽ አውቅ ነበር። ትምህርት ቤት አይደለም የተማርኩት፤ ውሃ ከገባባቸው ስልኮች ነው። ስፈታቸው አንዳንዶቹ ቦርድ ላይ ውሃው ተበትኖ ይጠብቀኛል፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን ክብ ክብ ሠርቶ፣ ዘንበል ሳደርገው ይንከባለላል። ለካ እነዚህ ከፋብሪካ ሲወጡ በዓይን የማይታይ ነገር ተቀብተዋል። ቀድሞ ብየዳ የነካው ቦታ ላይ ያ ነገር ተቃጥሏል፤ ውሃውም እዚያ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ያንን የቀቡትን ሰዎች ፊታቸውን አላየሁም፣ አገራቸውንም አላውቅም። ግን እጃቸው ያስቀናኛል። ያን ያህል አቅጥኖ መቀባት!

መንገዱን ያሳየኝ ግን ስልክ አልነበረም። አጋሮ መንገድ ላይ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የእርጥበት መለኪያቸው አልሠራ ብሎ ጠርተውኝ ሄድኩ። ጨርሼ ስወጣ ዶፍ ያዘኝና ከመጋዘኑ ጣራ ክፈፍ ሥር ቆምኩ። እግሬ አጠገብ ባለው ቦይ ዳር ጎደሬ በቅሏል። በልጅነቴ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እናቴም ሥሩን ትቀቅላለች። ቅጠሉን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ጠብታው ይወርዳል፣ ይፈርጣል፣ ተመልሶ ይሰበሰብና እንደ ብር ፍሬ እየተንከባለለ መሬት ይወድቃል። ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶበት ቅጠሉ ደረቅ ነው። ሚኒባሱ ጥሩንባ እየነፋ ሲያልፈኝ አልሰማሁትም።

አንድ ቅጠል ቆርጬ፣ እንዳይታሽ እንደ ዕንቁላል ይዤ ጅማ ገባሁ። በማይክሮስኮፑ ሳየው ገጹ ለስላሳ አይደለም፤ ጉብታ ብቻ ነው። ጠብታው በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከሥሯ አየር አለ። ከዚያ በአውራ ጣቴ ሁለት ጊዜ አሸት አደረግሁትና ውሃ ጣል አደረግሁበት። ተዘረጋ፤ ተጣበቀ። ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ቅጠሉ ዝናቡን ችሏል፤ ጣቴን ግን አልቻለም።

ቴክኒሺያኗ ወደዚህ ነገር የገባችው በዚያው ሳምንት ነው። ሥራ ላይ ውሃ ውስጥ የወደቀ ስልኳን ይዛ መጣችና ቅጠሉን ጠረጴዛዬ ላይ አየችው።

“ጎመን ትጠግናለህ እንዴ?”

“ጎደሬ ነው” አልኳት፤ አሳየኋት።

ከስልኳ ይልቅ ለቅጠሉ ዝቅ አለች። “ሰምም አለው፣ ጉብታም አለው” አለችኝ። “አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም። ሰም ብቻ ብትቀባ ውሃው ክብ ይሠራል እንጂ እንዲህ አይሮጥልህም።” ከዚያን ቀን በኋላ ከሥራ ስትወጣ በእኔ በኩል ታልፍ ጀመር።

ለሐጂ መስሚያ ቅብ ይሆን ብዬ መጀመሪያ የሞከርኩት የጌራ ማር ሰም ነው። ቤንዚን ውስጥ አሟሟሁት፤ ቤንዚን ስለሆነ ከብየዳው ርቄ በረንዳ ላይ። አሮጌ የሞባይል ቦርድ ላይ ቀባሁት፤ አምሮ ነበር። አንድ ቀን ኪሴ ውስጥ ስይዘው ግን በገላዬ ሙቀት ላላ፣ አቧራውን ሁሉ ሰበሰበ፣ ያለቀ ሻማ መሰለ። ቀጥሎ የኩራዝ ጥላሸት ሞከርኩ። የጥላሸቱ ነገር አስደናቂ ነው፤ ጠብታው ላዩ ላይ ይዘላል። ነገር ግን በቴስተር ስለካው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እፍ ስለው ደግሞ ይነሳል። ተውኩት።

ሦስተኛው የመስታወት መለጠፊያው ሲሊኮን ነው። በቤንዚን አቅጥኜ ስቀባ ጥሩ ይዞ፣ ሙቀትም ችሎ ነበር። ቴክኒሺያኗ በሩ ላይ ቆመች።

“ማነው እዚህ አቼቶ የደፋው?”

“አቼቶ የለም፤ ሲሊኮኑ ነው የሚሸተው።”

“እኮ! የሚሸተው አሲዱ ነው። መዳብ ይበላል፤ ሐጂን በዝናብ ፈንታ አንተ ልታደነቁራቸው ነው።”

ባላምናትም ሞከርኩት። የተላጠ የመዳብ ሽቦና ትኩስ ሲሊኮን አንድ ብልቃጥ ውስጥ ዘግቼ አደርኩ። ጠዋት ሽቦው አረንጓዴ ነበር፤ ከሐጂ ባትሪ መያዣ ላይ የጠረግሁት ያው አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ የማይሸተውን ዓይነት ፍለጋ የጅማን የሕንጻ መሣሪያ ሱቆች ክዳን እየከፈትኩ አሸተትኩ። አንዱ ባለሱቅ “ወንድም፣ ሲሊኮን ነው ወይስ ሽቶ የምትገዛው?” አለኝ። በአምስተኛው ሱቅ ተገኘ።

የቀረው ጉብታው ነበር። ቅቡ ቢይዝም ገጹ ልሙጥ ስለሆነ ጠብታው ይንፏቀቃል እንጂ አይሮጥም። ደግሞ የማይኮቹ ቀዳዳ መቀባት የለበትም፤ ድምፅ በምን ይገባል? ጨርቅ ያስፈልገኝ ነበር፤ ስስ፣ ድምፅ የሚያሳልፍ፣ ግን ሻካራ። ልብስ ሰፊውን ቁራጭ ለመንኩት። ከሲንጀሩ ሥር የሚያስቀምጠውን ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ አፈሰሰልኝ። ከውስጡ አሥራ ሁለት ዓይነት መርጬ ቀባሁ፤ አሥራ ሁለቱንም በአውራ ጣቴ መቶ መቶ ጊዜ አሸሁ። ልብስ ሰፊው ከበረንዳው ያየኛል።

“ዕድሜዬን ጨርቅ ስሰፋ ኖርኩ” አለ፤ “የጨርቅ እሽታ የሚቆጥር ሰው ግን ዛሬ አየሁ። ስንት ደረስክ?”

“ስልሳ አራት።”

“ስልሳ ሦስት ነው። አንዱን አላሸኸውም፣ አስነጥሰሃል።”

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ ከመቶ እሽታም በኋላ ውሃውን አሯሯጠ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ጨርቁ ስስ ነው፤ ግን በየጥቂቱ ርቀት ድሩም ማጉም ላይ ወፈር ያለ ክር አለው፤ ትንንሽ መስኮት ይሠራል። ጣቴ የጠረገው የወፍራሙን ክር ጫፍ ብቻ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ክር ቅቡን እንደያዘ ነበር። ወፍራሙ ክር እየተላጠ ቀጭኑን ይጠብቃል። ጎደሬው ያልነበረው ነገር ይኸው ነው፤ እኔም አላሰብኩትም፣ ሸማኔው አስቦታል።

“ይሄ ጨርቅ የምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅሁ።

ልብስ ሰፊው አገላብጦ አየውና ሳቀ። “የአዴ ሻሽ ነው። ጫፉን ስቀመቅምላቸው የተረፈ።”

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ቁራጩን ወደ ብርሃን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። “ማሻአላህ” አሉ። “እንግዲህ ያለ እሷ ፈቃድ ምንም ላልሰማ ነው።”

ከሻሹ ሁለት የምስር ክክ የምታህል ክብ ቆረጥኩ። ቀብቼ፣ ሳይደርቅ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ በላያቸው ነፋሁባቸው። የማይኮቹ ቀዳዳ ላይ፣ ጣት በቀላሉ እንዳይደርስባቸው ከጠርዙ ገባ አድርጌ ለጠፍኳቸው። ቦርዱንም ስስ አድርጌ ቀባሁ። የቧንቧ ውሃ አፈሰስኩባት፣ ጨው የበጠበጥኩበት ውሃ አንጠባጠብኩባት። ጸናች። ሐጂ አደረጓትና ከመንገዱ ማዶ የባጃጅ ሞተር ሰምተው “ጭስ ማውጫው ተቀዷል” አሉ። የዚያን ቀን ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ሐጂ መጡና መስሚያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧት። ጸጥ ብላለች።

ከፈትኳት። የሻሹ ክቦች ደረቅ ናቸው። ቦርዱም ደረቅ ነው። የባትሪው በር ውስጥ ግን ውሃ ነበር፤ እርጥበት አይደለም፣ ውሃ። በእነዚያ አራት ቀናት ደግሞ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ባትሪውን አውጥቼ፣ በአልኮል አጥቤ፣ በአምፖል ሙቀት አደረቅኋት፤ እንደ ዕድል ሆኖ ተመለሰች። ውሃው ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም። ሐጂን ስጠይቃቸው እሳቸውም አያውቁም።

“ላብ ይሆን?” አለ ልብስ ሰፊው።

“ይሄን ያህል የሚያልበው ጆሮ የበሬ ነው” አለች ቴክኒሺያኗ።

አዴ ምሳ ይዘው ገብተው ነበር። ሰሃኑን ሳያስቀምጡ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ ውዱእ ሲያደርግ አይተኸው ታውቃለህ?”

አላየሁም። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ቧንቧው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ሐጂ ለሶላት ሲታጠቡ ውሃው ሲንፎለፎል በግድግዳው በኩል ሁለት ዓመት ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን ግን ዞሬ አላየሁም። አዴ ሰሃኑን አስቀመጡና በአየር ላይ አሳዩን። እጁን ይታጠባል። አፉን፣ አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ ክንዱን። ከዚያ ራስና ጆሮ ማበስ ሲደርስ መስሚያዋ ትዝ ትለዋለች። በእርጥብ ጣት እንዲህ ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ አዴ ሁለት ጣታቸውን ጠበቅ አደረጉ። ኪሱ ይከታታል። ጆሮውን ያብሳል። እግሩን ይታጠብና ሳይደርቅ መልሶ ያደርጋታል።

“ያ ሐጂ!” አሉ ወደ ባላቸው ዞረው። “እጅህ ሳይረጥብ አውልቃት እያልኩህ ስንት ዓመቴ ነው?”

“ስትነግሪኝ አውልቄያት ነበራ!”

ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ሐጂ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አዛኑን እስከ መጨረሻው ልስማው ብዬ ነው” አሉ። ከዚያ በኋላ ቀድመው ያውልቁ ብሎ የሚናገር አልነበረም።

እኔ ግን በራሴ አፈርኩ። የሰማይን ውሃ ፈትኜ፣ የላብን ውሃ ፈትኜ፣ በእርጥብ እጅ የሚጨመቀውን ውሃ አልፈተንኩም። በደረቅ ጣት መቶ ጊዜ አሽቻለሁ፤ በእርጥብ ጣት አንዴም። ወዲያው ሞከርኩት። በተቀባው ሻሽ ላይ የጣልኩት ጠብታ ይሮጣል፤ በእርጥብ ጣት ስጫነው ግን ውሃው በጨርቁ አልፎ ይገባል። የባትሪው በር ደግሞ የጣት መያዣ ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ ሐጂ በቆነጠጡ ቁጥር ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። የትኛውም ቅብ ይህን አይችልም። ቅቡን ማሻሻል ሳይሆን ጣቱን ከዚያ ማራቅ ነበር የሚያስፈልገኝ።

በሩ ላይ ከሻሹ ቆርጬ፣ ቀብቼ፣ እንደ ጣራ ክፈፍ ዝቅ ብሎ ስንጥቁን የሚሸፍን ቅጠል መሳይ ክዳን ሠራሁ። ከላይኛው ጠርዝ ደግሞ ሐጂ የሚይዙት የክር ቀለበት እንዲሠራልኝ ልብስ ሰፊውን ለመንኩት። ያለ መነጽር የማይሰፋው ሰው በእኔ ማይክሮስኮፕ ዓይኑን አስጠግቶ፣ ክሩን አራት አድርጎ ገምዶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሠራው። እንዲያ ያለ የእጅ ሥራ ዳግም አላየሁም። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

“ትልቁ ሥራ የኔ ነው ማለት ነው። ጻፈው።”

ይኸው ጻፍኩት።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ቴክኒሺያኗ አንድ ሰማያዊ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ውሃ ሲነካው ወደ ሮዝ የሚለወጥ። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቆርጠን የባትሪው በር ላይ በውስጥ በኩል ለጠፍናት። አሁን መስሚያዋ ራሷ ትመሰክራለች። ሮዝ ከሆነች የሐጂ ቁልፍ ወደ አዴ ይሄዳል፤ ሁለተኛ አድርቄ እንደማላስነሳት አውቄዋለሁ፤ መያዣዋ በዝገት ሳስቷል።

የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ የዐስር፣ አዛን ተሰማ። ሐጂ ወደ ቧንቧው ሲሄዱ አራታችንም ተከተልናቸው።

“ሰው ሲታጠብ እንደ ሰርግ ይታያል?”

“ሙሽራዋ ጆሮዎ ላይ ናት፣ ሐጂ” አለ ልብስ ሰፊው።

“ዝም በል፤ አዛን ነው” አሉት ሐጂ።

“ቢስሚላህ” ብለው ጀመሩ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን። በእያንዳንዱ ቦታ ውሃው ጥግ ድረስ ይሄዳል፤ አይቸኩሉም፣ አይዘሉም። እኔ በሥራዬ ጥንቁቅ ነኝ እል ነበር። አዛኑ ሊያልቅ ሲል የሚንጠባጠብ እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ። ጣቶቻቸው በልማድ ወደ በሩ ወረዱ። አዴ ክንዴን ያዙ። ጣቶቹ በሩን አጡት፤ ወደ ላይ ተመለሱ፤ ቀለበቱን አገኙት። ሳብ አደረጉ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ራሳቸውንና ጆሯቸውን አበሱ፣ እግራቸውን ታጠቡ፤ መልሰው አደረጓትና ወደ መስጊድ ሄዱ።

እስኪመለሱ ጠበቅን።

ሲመለሱ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ፤ በቀለበቱ አወጧት። በሩን በወረንጦ ከፈትኩ። ከውጭ ሁለት ጠብታዎች ክፈፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ሳዘነብላት ተንከባለው ወደቁ። ወረቀቷ ሰማያዊ ናት።

“ሰማያዊ!” ብላ ጮኸች ቴክኒሺያኗ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስትጮህ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው። አዴ “አልሐምዱሊላህ” አሉ። ሐጂ መስሚያዋን አደረጉ፤ ከመደርደሪያው አንድ ሬዲዮ ሳቡ፤ ከፈቱ፤ በካቻቢቴው እጀታ ቆጥ፣ ቆጥ፣ ቆጥ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ኮንደንሰሩ ነው” አሉ። ለካሁት። ኮንደንሰሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል። በየወሩ መጀመሪያ ጠብታ ጥዬ እፈትናታለሁ። የወፍራሙ ክር ቅብ ተልጧል፤ በመስኮቶቹ ውስጥ ያለው ይዟል። አንድ ቀን እሱም ያልቃል፤ ያኔ ከሻሹ የተረፈ ቁራጭ አለኝ። የሱቁ ቁልፍ እስከ ዛሬ በሐጂ ወገብ ላይ ነው።

ይህን የጻፍኩት ከማስታወሻዬና ከትዝታዬ ነው፤ ማስታወሻዬ ስለ ጨርቁ እንጂ ስለ ሰው ብዙ አይልም። ስለዚህ አብራችሁኝ የነበራችሁ የጎደለውን ንገሩኝ። ልብስ ሰፊው ሆይ፣ ክሩን አራት ያደረግኸው ይመስለኛል፤ ስድስት ከሆነ አርመኝ። ቴክኒሺያኗ፣ ክፈፉ ላይ የነበሩት ጠብታዎች ሁለት ናቸው ወይስ ሦስት? አዴ፣ ክንዴን ሲይዙኝ በኦሮምኛ ቀስ ብለው ያሉት ነገር ነበር፤ አልያዝኩትም፣ ይድገሙልኝ።

ሐጂ፣ ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዚያ ቅዳሜ መስሚያዋን በእርጥብ ጆሮዎ ላይ መልሰው ወደ መስጊድ ሲሄዱ እኛ ውጭውን ነው ያየነው። መጀመሪያ የሰሙት ምን ነበር?